ሲ ድራይቭ ብቻውን አይሄድም

ዲስክ ሊሞላ ሲል አስቀድሞ ይናገራል። የዊንዶውስ ማሻሻያ ወርዶ ሳይጫን ይቀራል፤ ፋይል ለመክፈት የሚወስደው ጊዜ ይረዝማል፤ በመጨረሻም የሲ ድራይቭ ሰማያዊ መስመር ቀይ ይሆናል። የወንድም ጋሼ ላፕቶፕ ቀይ ከለበሰ ቆይቷል። እሱ ግን «ይሠራል እኮ!» እያለ ፎቶ ሲያጠፋ፣ የቆሻሻ ቅርጫቱን ባዶ ሲያደርግ፣ በማግስቱ ደግሞ ሌላ ፎቶ ሲያጠፋ ነበር የከረመው።

ሥራው ሂሳብ ነው። የደንበኞቹ ፋይሎች፣ የዓመታት ኢሜይሉ፣ በዚያ ላይ መጫኛው ከእጁ የጠፋ አንድ አሮጌ የሂሳብ ፕሮግራም 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ላይ ተጨናንቀው ይኖራሉ። 256 የካርቶኑ ቁጥር ነው። አምራቾች ጊጋባይትን አንድ ቢሊዮን ባይት ብለው ይቆጥራሉ፤ ዊንዶውስ ደግሞ በ1024 እያካፈለ ያንኑ ዲስክ 238 ብሎ ያሳያል። በእሱ ምትክ የምናስገባው አዲሱ ባለ 1 ቴራባይትም 931 ሆኖ ነው የሚታየው። ወንድም ጋሼ 931ን ሲያይ «ተበላሁ!» ብሎ ጮኸ። ረጋ እስኪል ጠብቄ ስሌቱን በካልኩሌተር አሳየሁት። ሂሳብ ሠራተኛ አይደል፣ ቁጥር ሲያይ ያምናል።

ዲስክ ሊቀየር ነው ሲባል ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ሁሉ «ከነካሽው አይቀር ዊንዶውሱን ከአዲስ ጫኚው» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ኮምፒውተሩ በቫይረስ የተመታ ወይም በየቀኑ ሰማያዊ ስክሪን የሚያሳይ ከሆነ እውነት ነው፤ ስርዓቱን እንዳለ ብንቀዳው በሽታውንም አብረን ነው የምንቀዳው። ጤነኛ ሆኖ ቦታ ብቻ ለጠበበው ኮምፒውተር ግን ከአዲስ መጫን ማለት የአታሚውን ቅንብር፣ የኢሜይሉን ደንቦች፣ የይለፍ ቃሎቹን፣ የኤክሴል ማክሮዎቹን አንድ በአንድ እያስታወሱ መመለስ ነው። ያ አሮጌ የሂሳብ ፕሮግራም ደግሞ ጭራሽ አይመለስም። እንዲህ ያሉ አንዳንድ ፕሮግራሞች ፈቃዳቸውን ከሲ ድራይቭ መለያ ቁጥር ጋር ያስሩታል፤ ይህ ቁጥር የሚቀመጠው በፋይል ስርዓቱ መጀመሪያ ላይ ስለሆነ በክሎን፣ ማለትም ዲስኩ እንዳለ ሲቀዳ፣ አብሮ ይሄዳል፣ ፎርማት ሲደረግ ግን ይለወጣል። ከዲስኩ ፋብሪካ ቁጥር ጋር የሚያስሩም አሉ፤ ለእነዚያ ክሎንም መድኃኒት አይሆንም። የዊንዶውሱ ፈቃድ ራሱ ግን በዋናነት ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ በዲስክ ለውጥ ብዙም አይናጋም።

ስለዚህ ክሎን። ወንድም ጋሼም «አንቺ ልጅ፣ አንዲት ነገር ከቦታዋ ብትነቃነቅ እኔና አንቺ አንነጋገርም» ብሎ ውሳኔውን አጸናው።

ድራይቩ ከመመረጡ በፊት ክዳኑን ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። ኤም ዶት ቱ የሚባለው ቀጭን ካርድ መልኩ አንድ ይሁን እንጂ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሳታ በሚባለው የቆየ የማገናኛ ስልት የሚሠራ ሲሆን በሰከንድ 550 ሜጋባይት አካባቢ ላይ ይቆማል። ሌላው ፈጣኑ ኤንቪኤምኢ ነው፤ ፒሲአይ ኤክስፕረስ በሚባለው የማዘርቦርድ መስመር ያልፋል፣ በሦስተኛው ትውልድ እስከ 3,500፣ በአራተኛው እስከ 7,000 ሜጋባይት ገደማ በሰከንድ ያነባል። ሳታ ብቻ የሚቀበል ሶኬት ላይ ኤንቪኤምኢ ቢሰኩበት ኮምፒውተሩ አያየውም። ጠርዙ ላይ ያለው ስንጥቅ ፍንጭ ይሰጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ከሆነ ሳታ፣ አንድ ከሆነ ኤንቪኤምኢ ነው። ግን ሁለት ስንጥቅ ያላቸው ኤንቪኤምኢዎችም ስላሉ የላፕቶፑን መመሪያ ማየት ይሻላል። ርዝመትም አለ፦ 2280 ማለት 22 ሚሊሜትር ስፋትና 80 ሚሊሜትር ርዝመት ነው። የወንድም ጋሼ ላፕቶፕ የሦስተኛው ትውልድ ስለሆነ የአራተኛውን ብሰካለትም በሦስተኛው ፍጥነት ነው የሚሄደው፤ ይሠራል፣ ትርፍ ፍጥነቱ ግን ይባክናል። የቸገረው ቦታ እንጂ ፍጥነት አልነበረም።

የኤም ዶት ቱ ሶኬቱ አንድ ብቻ ነው፤ ብዙ ላፕቶፖች እንዲሁ ናቸው። አዲሱን በዩኤስቢ በሚሰካ የዲስክ ማቀፊያ ውስጥ አስገብቶ መቅዳት፣ ከዚያ ማቀያየር ነው መንገዱ። ማቀፊያውም ኤንቪኤምኢ የሚችል መሆን አለበት፤ ሳታ ብቻ የሚችሉ ርካሾች በመልክ አይለዩም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብዙ ሰው «ዊንዶውስ» ሲባል ሲ ድራይቭን ብቻ ነው የሚያስበው። የዲስክ ማስተዳደሪያውን ከፍተን ብናይ ግን ፊደል የሌላቸው ጎረቤቶች አሉት። መጀመሪያ ላይ ብዙውን ጊዜ 100 ሜጋባይት የሆነ፣ ፋት32 በሚባል የፋይል ስርዓት የተዘጋጀ ትንሽ ክፍል አለ፤ ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው፣ የማስነሻው ፋይል ያለው እዚያ ነው። ቀጥሎ ማስተዳደሪያው እንኳ የማያሳየው 16 ሜጋባይት የተጠበቀ ክፍል አለ። ከዚያ ሲ። ከሲ ቀጥሎ የመልሶ ማግኛ ክፍል፤ ዊንዶውስ አልነሳም ሲል የሚመጣው ሰማያዊ የጥገና ገጽ ከዚያ ነው የሚነሳው። የሲን ፋይሎች በሙሉ አንድ ሳይቀር ወደ አዲሱ ዲስክ ብገለብጥና የማስነሻውን ክፍል ብተወው፣ ኮምፒውተሩ ምንም የሚነሳ ነገር አላገኘሁም ይለኛል። ሲ ብቻውን አይሄድም፤ ሰፈሩን ይዞ ነው የሚሄደው።

የሰፈሩ ካርታ ራሱ በሁለት ቅጂ ይቀመጣል። ጂፒቲ የሚባለው የክፍልፋይ ሰንጠረዥ አንዱን ቅጂ በዲስኩ መጀመሪያ፣ መጠባበቂያውን በዲስኩ የመጨረሻ ጫፍ ላይ ያኖራል። ትንሹን ዲስክ ባይት በባይት ወደ ትልቁ የገለበጠ ሰው መጠባበቂያው 256ኛው ጊጋባይት ላይ፣ ማለትም በአዲሱ ዲስክ ሩብ ላይ ተቀምጦ ያገኘዋል። የዲስክ ክፍሎችን የሚያስተካክለው ፕሮግራም ጂፓርትድ እንዲህ ያለ ዲስክ ሲያይ «ቦታው ሁሉ ጥቅም ላይ አልዋለም፣ ላስተካክል?» ይላል፤ መልሱ አዎ ነው፣ መጠባበቂያውን ወደ ጫፉ ይወስደዋል። የቀድሞው ኤምቢአር የሚባለው ሰንጠረዥ ይህ ጣጣ የለበትም፤ ግን ከ2 ቴራባይት በላይ ማየት አይችልም።

ከመቅዳቱ በፊት ያለው ዝግጅት ከመቅዳቱ ይበልጣል፤ ከዝግጅቱ ውስጥ ደግሞ ትልቁ ምስጠራው ነው። «እኔ ቢትሎከር (የዊንዶውስን የዲስክ ምስጠራ) አላበራሁም» የሚል ብዙ ነው፤ ወንድም ጋሼም ብሎኛል። ነገር ግን በማይክሮሶፍት አካውንት የተከፈቱ ብዙ ላፕቶፖች፣ የሆም እትም ያላቸውም ጭምር፣ ባለቤቱ ሳይጠየቅ የዲስክ ምስጠራው ይበራባቸዋል። የእሱም በርቶ ነበር። ቁልፉ በኮምፒውተሩ ውስጥ ባለው ቲፒኤም በሚባል የደህንነት ክፍል ስለሚጠበቅ በየቀኑ ምንም አይታይም፤ በማስነሻው ሂደት ላይ ለውጥ ሲሸት ግን ስክሪኑን ዘግቶ 48 አሃዝ ያለው የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ይጠይቃል፤ ስምንት ጊዜ ስድስት አሃዝ። ቁልፉ አካውንቱ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁትና በወረቀት አስጻፍኩት። ላፕቶፑ ውስጥ ማስቀመጥ ትርጉም የለውም፣ የሚጠየቀው ላፕቶፑ ሲዘጋ ነው።

እዚህ ላይ ምርጫ አለ። ምስጠራውን ለጊዜው ማገድ ይቻላል፤ ማገድ ማለት ግን ቁልፉን ክፍት ማስቀመጥ እንጂ ዲስኩ ላይ ያለውን መፍታት አይደለም። ከውጭ የሚነሳ መቅጃ ፕሮግራም አሁንም የሚያየው የተመሰጠረ ክምር ነው፤ የትኛው ቦታ ባዶ እንደሆነ ስለማያውቅ ባዶውንም ይቀዳል፣ ክፍሉንም ማስፋት አይችልም። እኔ ሙሉ በሙሉ አጠፋሁት። ይፈጃል፤ ላፕቶፑ ኃይል ላይ ተሰክቶ ወደ ሌላ ሥራ መሄድ ነው። (ይህ ውሳኔ በኋላ ከአሮጌው ዲስክ ጋር አንድ ጉዳይ ያመጣል፣ እመለስበታለሁ።)

ቀጥሎ የዊንዶውስን «ፈጣን መነሻ» ማጥፋት። ይህ ነገር ሲበራ «ዝጋ» የምንለው ላፕቶፕ በእርግጥ አይዘጋም፤ የስርዓቱን እምብርት ወደ ዲስክ ጽፎ ያንቀላፋል፣ የፋይል ስርዓቱም ገና በሥራ ላይ ያለ ተብሎ ይቀራል። ከሊኑክስ የሚነሱ መቅጃዎች እንዲህ ያለውን ክፍል ሲያዩ በትክክል ነው እምቢ የሚሉት። እንቅልፉን (ሃይበርኔሽን የሚባለውን) ከነፋይሉ ማጥፋት ደግሞ የሚቀዳውን በብዙ ጊጋባይት ይቀንሳል። ከዚያ ሲን በዊንዶውስ የዲስክ መፈተሻ በቼክዲስክ መፈተሽ፣ የድራይቩን ጤንነት ስማርት በሚባለው የራሱ መከታተያ ማየት። የሚሞት ድራይቭ ከሆነ ሥራው ክሎን ሳይሆን ፋይል ማዳን ነው፤ ቅደም ተከተሉም ሌላ ነው። የወንድም ጋሼ ደህና ነበር። የሥራ ፋይሎቹን ግን ለብቻ ወደ ውጭ ዲስክ ገለበጥኩ፤ ክሎን ባክአፕ አይደለም፣ ምንጭና መድረሻን ያምታታ ሰው ባዶውን በሙሉው ላይ ይጽፋል።

መቅጃው ክሎንዚላ ነው። መልኩ ከሌላ ዘመን የመጣ ይመስላል፣ ግን ነጻ ነው፣ ከፍላሽ ተነስቶ ስለሚሠራም ዊንዶውስ ተኝቶ እያለ ነው የሚቀዳው። ዊንዶውስ ውስጥ ሆነው የሚቀዱ ፕሮግራሞችም የሚሠራን ስርዓት ቅጽበታዊ ምስል ይዘው መቅዳት ይችላሉ፤ ከአንዳንድ አምራቾች ድራይቭ ጋር በነጻ የሚመጡትም እንዲህ ናቸው። መጥፎ አይደሉም። እኔ የምመርጠው ሲቀዳ ማንም የማይጽፍበትን ነው።

ክሎንዚላ ዲስኮቹን በስምና በመጠን ይዘረዝራል። ከመቀጠሌ በፊት ወንድም ጋሼን ጠርቼ «ምንጩ የቱ ነው?» አልኩት። «ትንሹ» አለ። «መድረሻውስ?» «ትልቁ።» ሌላ ሰው ጮክ ብሎ ሲናገረው ዓይን የዘለለውን ጆሮ ይይዘዋል። ክሎንዚላ ክፍሎቹን ከዲስኩ ጋር በተመጣጣኝ የሚያሰፋ ምርጫ አለው፤ አልተጠቀምኩበትም፤ እያንዳንዱ ክፍል የት እንደሚያርፍ እኔ መወሰን ነው የምፈልገው። በሰከንድ 5 ጊጋቢት የሚሄድ ዩኤስቢ በጥሩ ማቀፊያ ከ400 ሜጋባይት በላይ ያሳልፋል፤ 200 ጊጋባይት በወረቀት ላይ አሥር ደቂቃ አይሞላም። በተግባር ግን ድራይቩ ይሞቃል፣ በውስጡ ያለው ፈጣን ጊዜያዊ መቀበያ ይሞላል፣ ፍጥነቱ ይወርዳል። ወንድም ጋሼ ስክሪኑ ላይ ከሚሮጠው ቁጥር ዓይኑን ሳይነቅል ጨረሰው።

ተቀዳ። አሁን ያ ሁሉ አዲስ ቦታ የት ነው? በዲስኩ ጫፍ፣ ከመልሶ ማግኛው ክፍል ወዲያ። ሲን ለማስፋት ዊንዶውስ ውስጥ ቀኝ ጠቅ ስናደርግ «አስፋ» የሚለው ደብዝዞ አይነካም፤ ዊንዶውስ አንድን ክፍል የሚያሰፋው ወዲያው ከእሱ ቀጥሎ ባለ ባዶ ቦታ ላይ ብቻ ነው፣ መሀል ላይ ደግሞ ያ ትንሽ ክፍል ተቀምጧል። ብዙ ሰው እዚህ ይቆምና ባዶውን ዲ ድራይቭ አድርጎ ይተወዋል፤ ከዚያ ሲ እንደገና ይሞላል። ሌላው ደግሞ የመልሶ ማግኛውን ክፍል ይሰርዘዋል። ይሠራል፤ ዊንዶውስ አልነሳም የሚልበት ቀን ድረስ።

መንገዱ እንዲህ ነው። ከመቅዳቴ በፊት በአስተዳዳሪ መብት በተከፈተ የትዕዛዝ መስኮት ሪኤጀንትሲ በሚባለው ትዕዛዝ የመልሶ ማግኛውን አካባቢ አሰናክዬው ነበር፤ ሲሰናከል የጥገናው ምስል ፋይል ወደ ሲ ይመለሳል፣ ዊንዶውስም «እዚህ ቦታ ላይ ነው ያለው» የሚለውን መዝገብ ይተወዋል። ከቀዳሁ በኋላ በጂፓርትድ የመልሶ ማግኛውን ክፍል ወደ ዲስኩ ጫፍ ወሰድኩት፣ መጠኑንም ወደ 1 ጊጋባይት አሳደግኩት፣ ሲን ደግሞ እሱ እስካለበት ዘረጋሁት። ማሳደጉ ለይምሰል አይደለም፦ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 የወጣው ኬቢ5034441 የተባለ የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ በዚህ ክፍል ውስጥ 250 ሜጋባይት ነጻ ቦታ ይፈልግ ስለነበር ክፍሉ በጠበበባቸው ኮምፒውተሮች ላይ 0ኤክስ80070643 በሚል ስህተት ይወድቅ ነበር። 931 ውስጥ አንድ ጊጋባይት ምን ይጎዳል?

ቀጥሎ መቀያየር። ላፕቶፑ ጠፍቶ፣ ከኃይል ተነቅሎ፣ የባትሪው ማያያዣ ተፈትቶ። ኤም ዶት ቱ ብሎኑ ሲፈታ ራሱ ብድግ ይላል፤ አዲሱም በዚያው አዘንብሎ ይገባና ተጭኖ ይታሰራል። ብሎኗ ትንሽ ናት፣ ከወደቀች የምትገባበትን ማንም አያውቅም፤ ወረቀት ላይ በማጣበቂያ አጣብቄ አስቀመጥኳት።

መጀመሪያ ሲነሳ አሮጌው ዲስክ በየትኛውም በኩል መሰካት የለበትም። ክሎን ማለት መለያ ቁጥሮቹም አንድ ናቸው ማለት ነው፤ ዊንዶውስ አንድ ዓይነት መለያ ያላቸው ሁለት ዲስኮች ሲያይ አንዱን ያግዳል፣ ካስገደድነው ደግሞ ለአንዱ አዲስ መለያ ይጽፍለታል። አዲስ መለያ የተጻፈበት ዲስክ በኋላ ብቻውን ላይነሳ ይችላል። የወንድም ጋሼ ላፕቶፕ ምንም ሳይል ተነሳ። ባይነሳ ኖሮ ከዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ገብቼ ቢሲዲቡት በሚባለው ትዕዛዝ የማስነሻውን ፋይል እንደገና እጽፍ ነበር። ከሳታ ወደ ኤንቪኤምኢ የሚሻገር ሰው ደግሞ ሰማያዊ ስክሪን ላይ የማስነሻ ዲስኩ አልተገኘም የሚል ሊገጥመው ይችላል፤ አንዴ በሴፍ ሞድ መነሳት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል፣ ዊንዶውስ የሚያስፈልገውን ድራይቨር እዚያ ያነቃዋል።

ከተነሳ በኋላ መልሶ ማግኛውን በሪኤጀንትሲ መልሶ ማንቃት፣ «ድራይቮችን አሻሽል» በሚለው ትሪም (የትኛው ቦታ ባዶ እንደሆነ ለድራይቩ የሚነግረውን) ማስኬድ። ያ የሂሳብ ፕሮግራምም ተከፈተ። ወንድም ጋሼ ሪፖርት አትሞ ቁጥሩን ከድሮው ጋር አስተያየ፤ እኔን አላመነም ማለት ነው፣ ግን ትክክል ነው።

የራሴ ኮምፒውተር ሊኑክስ ነው፤ እዚያ ነገሩ ይቀላል። የፋይል ስርዓቴ ቢቲአርኤፍኤስ ስለሆነ እየሠራሁበት ሳለ «ሪፕሌስ» በሚለው ትዕዛዝ ከአንዱ ዲስክ ወደ ሌላው ይሸጋገራል፣ ከዚያ በአንድ ትዕዛዝ ይሰፋል፤ የማስነሻው ክፍል ብቻ ለብቻው ይገለበጣል። ቢቲአርኤፍኤስን ባይት በባይት ቀድቶ ሁለቱን ቅጂዎች በአንድ ላይ መሰካት ግን አደገኛ ነው፤ ሁለቱን እንደ አንድ ስለሚያያቸው መረጃ ሊበላሽ ይችላል። ኤክስት4 የሚባለውን ሌላ የሊኑክስ ፋይል ስርዓት የሚጠቀም ሰው ፋይሎቹን በመገልበጫው በአርሲንክ ወደ አዲስ ክፍል ከገለበጠ የትኛው ክፍል የት እንደሚከፈት በሚዘረዝረው የኤፍኤስታብ ፋይል ውስጥ ያለውን መለያ መቀየርና ማስነሻውን እንደገና መጫን አለበት።

የቀረው አሮጌው ዲስክ ነው። ወንድም ጋሼ የወሩን ሂሳብ እስኪዘጋ ድረስ እንዳለ አቆየሁት። ከዚያ በላይ ግን አይቆይም፤ ከመቅዳታችን በፊት ምስጠራውን ስላጠፋን በላዩ ያለው የደንበኞች መረጃ ሁሉ አሁን ለማንም ክፍት ነው። እንደ መጠባበቂያ መሳቢያ ውስጥ ልተወው ቢባልም ኤስኤስዲ ያለ ኃይል ለዓመታት እንዲቀመጥ የተሠራ አይደለም፤ የጄዴክ (የኤሌክትሮኒክስ ደረጃ አውጪ ማኅበር) መስፈርት የጽሑፍ ዕድሜውን ከጨረሰ የተራ ተጠቃሚ ድራይቭ የሚጠይቀው በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለ ኃይል አንድ ዓመት መረጃ እንዲይዝ ነው። ፎርማት ማድረግ መረጃው ለመጥፋቱ ዋስትና አይሆንም። ደጋግሞ በላዩ መጻፍም የተደበቁትን ትርፍ ሕዋሶች አይደርስባቸውም። ኤንቪኤምኢ የራሱ የመጥረጊያ ትዕዛዝ አለው፤ ብዙ የዩኤስቢ ማቀፊያዎች ይህን ትዕዛዝ ስለማያሳልፉ አሮጌውን ዲስክ በራሴ ኮምፒውተር ላይ በቀጥታ ሰካሁት፣ የመሣሪያውን ስም ከመጠኑ ጋር አመሳክሬ ትዕዛዙን ሰጠሁ። በጥቂት ሰከንድ አለቀ።

ባዶውን ማቀፊያው ውስጥ አስገብቼ ለወንድም ጋሼ መለስኩለት፣ ፋይል ማመላለሻ ይሁነው። በአዲሱ ላይ ምስጠራውን አብርተናል። እንደገና ሲበራ የሚሰጠው የመልሶ ማግኛ ቁልፍ አዲስ ነው፤ የድሮው ወረቀት 48 አሃዝ አሁን ምንም አይከፍትም። አዲሱን እሱ እየጻፈ እኔ አነበብኩለት፣ ከዚያ እሱ አነበበ፣ እኔ አመሳከርኩ።